የመንግሥት ዌብሳይት ጉዳያችንን ይጨርስልናል ወይ? ስለ መፈተሹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ ኦንላይን የሚሞላ ፎርም ሲመጣ "ነይ እስቲ ይቺን እዪልኝ" የምባለው እኔ ነኝ። ፓስፖርት እድሳት፣ ንግድ ፈቃድ፣ ፋይዳ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም በየተራው በኔ ስልክ አልፏል። መጀመሪያ ዝም ብዬ እሞላ ነበር፣ በኋላ ግን ሰው የት ጋ እንደሚቆም፣ ሲቆም ምን እንደሚል፣ ለምን ትቶት ወደ ቢሮ እንደሚሄድ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ከዛ የሚጠይቀኝ በዛ፣ ተማሪ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ላይ የሚሠራ አለ። የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

አንድ የመንግሥት ዌብሳይት ጥሩ ነው የሚባለው በምንድነው?

ጉዳዩ ሲያልቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል። ሰው እዛ የሚገባው የመሥሪያ ቤቱን ራዕይና ተልዕኮ ሊያነብ አይደለም፣ ሦስት ጥያቄ ይዞ ነው የሚገባው፣ ምን ምን ይዤ ልቅረብ፣ ስንት ብር ነው፣ ስንት ቀን ይፈጃል። እነዚህን ሦስቱን ለማግኘት አምስት ቦታ መንካት ካለበት ዲዛይኑ ምንም ያህል ቢያምር ለኔ ወድቋል።

እኔ በደረጃ ነው የማየው። አንዳንዱ ስለ አገልግሎቱ ብቻ ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ ፎርሙን አውርዳችሁ አትማችሁ ሞልታችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ያደርጋል፣ አንዳንዱ እዛው ያስሞላና ለክፍያ ወይ ለ"ኦርጅናል ማመሳከሪያ" ቢሮ ይጠራል፣ ጥቂቱ ደሞ ከፍላችሁ ወረቀታችሁን እዛው ስልካችሁ ላይ ይሰጣል። "በኦንላይን ይሰጣል" ሲባል የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ላይ የቀረ አገልግሎት ሰውየውን ሁለት ጊዜ ነው የሚያለፋው፣ አንዴ ስልኩ ላይ አንዴ ሰልፍ ላይ።

የተባበሩት መንግሥታት ደረጃ ያወጣል አይደል? እሱ አይበቃም?

ያወጣል፣ በየሁለት አመቱ። 193 አባል ሀገራትን በኢ-መንግሥት ልማት ኢንዴክስ ያወዳድራል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ አንደኛ ነበረች፣ ኢስቶኒያና ሲንጋፖር ተከተሉ። ኢንዴክሱ ከሦስት ነገር ነው የሚሠራው፣ የኦንላይን አገልግሎቱ፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማቱ እና የሕዝቡ ትምህርት። ስለዚህ አንድ ሀገር ዝቅ ያለችው በዌብሳይቷ ይሁን ኔትወርክ ስላልተዳረሰ ይሁን ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አታውቁም፣ ሦስቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በየሀገሩ ብዙ ሕዝብ ያለበትን ከተማ የከተማ አስተዳደር ፖርታል የሚያይ ሌላ ልኬትም አላቸው፣ የኛ አዲስ አበባ ማለት ነው።

ጠቃሚ ነው፣ እኔም አነበዋለሁ። ግን ገምጋሚው የሚያየው አገልግሎቱ ፖርታሉ ላይ መኖሩን ነው። ጎረቤቴ ጀምራ መጨረሷን አያይም። የመኖርና የመጨረስ ልዩነቱ ደሞ ሰፊ ነው፣ የኔ ደብተር ሙሉው ስለዛ ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

ተራ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም አልተማርኩም፣ እንዴት አድርጌ ልፈትሽ?

ይሄ ብዙ የምጠየቀው ነው፣ በደንብ ልመልስ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። "የእንትን ሚኒስቴርን ዌብሳይት ልገምግም" አትበሉ፣ "የጠፋ ንግድ ፈቃድ ምትክ ማውጣት" በሉ። ከዛ ጉዳዩ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ፈልጉ፣ በተለይ ከናንተ እድሜ ወይ ከናንተ የትምህርት ደረጃ የተለየ። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ ይጀምር። ቢሮ ዋይፋይ ላይ በአዲስ ላፕቶፕ የተፈተሸ ነገር የሚነግራችሁ ስለ ቢሮው ዋይፋይ ነው። ሰዓት ያዙ። ሌላው ዋናው ነገር፣ አፋችሁን ዝጉ። እኔ ይሄን ለመልመድ በጣም ነው የቸገረኝ፣ ሰው ሲንገላታ አይቶ "እሷን ንኪያት" አለማለት ከባድ ነው፣ ግን አንዴ ካገዛችሁት የፈተሻችሁት ራሳችሁን ነው።

ሲሞላ ድምፁን አውጥቶ እንዲያስብ ጠይቁት። "ይሄ ምን ማለት ነው" ያለበትን ቃል እንዳለ ጻፉ፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ጻፉ፣ ሌላ ሰው ጋ የደወለበትን ጻፉ። አምስት ሰው ካያችሁ ብዙውን ችግር ታገኙታላችሁ፣ ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የአጠቃቀም ባለሙያ ይሄን ካለ ከ20 አመት በላይ ሆኖታል፣ በኔ ልምድም እውነት ነው፣ ከአራተኛው ሰው በኋላ የምጽፈው መደጋገም ይጀምራል። ግን አምስቱም የኮሌጅ ጓደኞቻችሁ ከሆኑ አንድ ሰው ነው ያያችሁት።

አክስቴን ልንገራችሁ። ወደ 60 እየተጠጋች ነው፣ ማንበብ መጻፍ ትችላለች፣ ቴሌግራምና ቴሌብር ላይ ከኔ አትተናነስም። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሰርተፍኬት ለማሳደስ ቁጭ አልን። መጀመሪያ ያቆማት "ሰርኔም" የሚለው ሳጥን ነው፣ የሷ ስም፣ የአባቷ፣ የአያቷ ነው ያላት፣ "ሰርኔም" የትኛው ነው? ቀጥሎ የልደት ቀን፣ በፈረንጅ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ልጇ ጋ ደወለች። ፎቶ ላይ ደረስን፣ ስድስት ጊዜ ሞከረች፣ ስድስቴም በቀይ "አልተሳካም" አላት፣ ለምን እንዳልተሳካ አይልም። ፎቶው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን አይሁን ምንም የለም። ከስድስተኛው በኋላ ፔጁ ራሱ ዘግቶ ወደ መጀመሪያው መለሳት፣ የሞላችው ሁሉ ጠፋ። 47 ደቂቃ ነበር የፈጀው። ስልኩን አስቀመጠችና "እኔ ነኝ ያልቻልኩት" አለች። እኔን እስካሁን የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ ሲስተሙ የሰራውን ጥፋት እሷ ራሷ ላይ አደረገችው። በነጋታው ኢንተርኔት ቤት ከፍላ አስሞላች፣ እዛ ያለው ልጅ ፎቶውን በየትኛው አፕ ማሳነስ እንዳለበት ያውቃል፣ ሥራው ነው።

ያቺ ለኢንተርኔት ቤት የምትከፈለው ብር ለኔ ትልቋ መለኪያ ናት። ሰው ነፃ የሆነውን ነገር ከፍሎ የሚያስሞላ ከሆነ አገልግሎቱ ኦንላይን ገባ እንጂ ሰውየው ጋ አልደረሰም።

ካሌንደርና ሰዓት እንዲህ ትልቅ ነገር ነው?

በጣም። እኛ ሀገር ፎርም ላይ ከሚበላሹት ነገሮች ግማሹ ከቀን ጋ የተያያዘ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የልደት ቀናችንን የምናውቀው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ልዩነቱ ሰባት ወይ ስምንት አመት ነው፣ እንደ ወሩ። ጥር 11 አብዛኛው ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፣ በአራት አመት አንዴ ደሞ 20። ሰው በግምት ሰባት ደምሮ ይሞላል፣ ከዛ ፋይዳው ላይ ሌላ ቀን፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ቀን ይሆንና ለማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ አለ። ሁለቱንም ተቀብሎ ራሱ የሚቀይር ፎርም መሥራት ለፕሮግራመር የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ቀመሩ የታወቀ ነው።

ስትፈትሹ ጳጉሜ 3 ብላችሁ ሞክሩ። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፎርም ጳጉሜ የተወለደውን ሰው ምን ሊያደርገው ነው?

ሰዓት ላይ ደሞ ቀጠሮ ሲሰጥ "2፡30" ብቻ የሚል አይቻለሁ። ጠዋት ሁለት ተኩል ነው ወይስ በፈረንጁ ሆኖ ከሰዓት ስምንት ተኩል? እኔ ይዣቸው ከሄድኳቸው ሰዎች አንዱ ከገጠር አድሮ መጥቶ ጠዋት ሁለት ተኩል በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ቀጠሮው ከሰዓት ሆነ። አንድ ቃል፣ "ከጠዋቱ" ወይ "ከሰዓት"፣ ቢጨመር ያ ሰው ስድስት ሰዓት በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ቋንቋውስ? አማርኛ የሚል በተን አለው እኮ።

በተኑን ንኩትና የሚመጣውን እዩ። ሜኑው አማርኛ ሆኖ ውስጡ እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ባዶ ገጽ፣ ወይ በማሽን ተተርጉሞ ማንም ያላነበበው። እኔ ማየው ሦስት ቦታ ነው፣ የስህተት መልዕክቱ፣ የሚላከው ኤስኤምኤስ፣ የክፍያ ገጹ። መግቢያው አማርኛ ሆኖ ስህተቱ በእንግሊዝኛ ከመጣ ሰው የሚጠፋው እርዳታ በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

አማርኛ ብቻም አይደለም ጉዳዩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል፣ በ2012 ዓ.ም. ደሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ስለዚህ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሳይት ስትገመግሙ ስንቱ አገልግሎት በስንቱ ቋንቋ እስከ መጨረሻው እንደሚሄድ ቁጠሩ። እስከ መጨረሻው የምትለዋን አስምሩባት።

ሰርች ማድረጊያው ለምን ምንም አያገኝም?

ብዙ ጊዜ ፊደላችን ነው። "መሥሪያ ቤት" ብሎ የተጻፈውን "መስሪያ ቤት" ብላችሁ ብትፈልጉ አያመጣም፣ "ንግድ ፈቃድ" እና "ንግድ ፍቃድ" ለሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ "ዓመታዊ" እና "አመታዊ"ም እንደዛው። እኛ ሰዎች ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ስንጽፍ እንለዋውጣለን፣ ሲስተሙ እንደ አንድ እንዲያያቸው ካልተነገረው አያውቅም። መፈተሻው ቀላል ነው፣ አንድ ቃል በሁለት አጻጻፍ ፈልጉና ውጤቱን አወዳድሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰነዱ ራሱ ነው። መመሪያው ታትሞ፣ ማህተም ተደርጎበት፣ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይጫናል፣ ያ ፎቶ ነው፣ ፊደል የለውም፣ ጎግልም ብዙ ጊዜ አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ ከገባ እኮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከዛ በፊት በነበሩት በነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ዘዴ የተጻፈ የቆየ ሰነድም አንዳንዴ ዝም ብሎ ኮፒ ተደርጎ ይለጠፍና ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ሰነዱ ላይ አንድ ቃል ለረጅም ጊዜ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ካልተመረጠ ፎቶ ነው ማለት ነው።

የስሜ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ በየወረቀቱ ስለሚለያይ ሲስተሙ አይቀበለኝም፣ ይሄም የዌብሳይት ችግር ነው?

አዎ፣ በኔ እምነት ነው። ጸጋዬ የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በቲ ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በቲ ዜድ፣ መጨረሻው ላይ አንዱ ኢ ይጨምራል ሌላው ይተዋል። ሰውየው አልተለወጠም። ፊደል በፊደል ካልገጠመ የሚጥል ሲስተም ሲሠራ ስማችን በላቲን አንድ ወጥ አጻጻፍ እንደሌለው ታስቦ አልተሠራም። ፎርሙ ስሙን በግዕዝ ይጠይቃል ወይ የሚለውን ከመፈተሻችሁ ውስጥ አስገቡት።

ፋይዳ ካለ በኋላ ለምንድነው አሁንም ሁሉን ነገር እንደ አዲስ የሚጠይቁኝ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ 1284/2015 ነው፣ ፋይዳ 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ ከሱ ጋ ተመዝግቧል። ቁጥሩን አስገብታችሁ በኦቲፒ፣ ስልካችሁ ላይ በሚላከው የአንድ ጊዜ ኮድ፣ ካረጋገጣችሁ በኋላ እነዚህን እንደገና ማስሞላት አያስፈልግም ነበር።

ኢስቶኒያ ይሄን በሕግ ነው የዘጉት፣ አንድ መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ሌላው እንደገና ለመሰብሰብ ሌላ ዳታቤዝ ማቋቋም አይፈቀድለትም፣ መሥሪያ ቤቶቹ ኤክስሮድ በሚሉት መስመር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠያየቃሉ። እኛ ጋ ስትፈትሹ ዝም ብላችሁ ቁጠሩ፣ በአንድ ጉዳይ ውስጥ ስማችሁን ስንቴ ጻፋችሁ፣ መንግሥት ራሱ የሰጣችሁን ወረቀት ስንቴ ስካን አድርጋችሁ መልሳችሁ ለመንግሥት ላካችሁ። እኔ ሁለተኛዋን ቁጥር ነው የምወዳት፣ ምክንያቱም ለኃላፊ ስትነግሩት ወዲያው ይገባዋል።

ግን መረጃ መጋራቱም ገደብ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሳይቱ መረጃችሁን ለምን እንደሚወስድና ለማን እንደሚሰጥ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊነግራችሁ ይገባል። "ተስማምቻለሁ" የምትለዋን ሳጥን ከመንካታችሁ በፊት ከኋላዋ የሚነበብ ጽሑፍ መኖሩን እዩ።

ማየት የተሳናቸው ሰዎች ሊጠቀሙበት መቻሉን እንዴት አውቃለሁ?

ከነሱ ጋ ቁጭ በማለት፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ማውሱን ንቀሉትና ኮምፒውተር ላይ በታብ በተኗ ብቻ እስከ መጨረሻ ለመሄድ ሞክሩ፣ የት እንዳላችሁ ከጠፋችሁ ስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀመው ሰውም እዛው ጋ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስልካችሁን ፀሐይ ላይ አውጡና ግራጫውን ጽሑፍ አንብቡ። ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ፣ የመጨረሻው እትሙ 2.2 በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የድምቀት ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ይሄን የሚለኩ ነፃ መሣሪያዎች ሞልተዋል።

ካፕቻ ላይ ደሞ ልዩ ትኩረት አድርጉ። የተጣመመ ፊደል አይታችሁ ጻፉ የሚለውን ዓይነ ስውር ሰው እንዴት ይለፈው? በድምፅ አማራጭ ከሌለው በሩ ተዘግቷል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ነው ተደራሽ ይሁን የሚለው፣ ስለዚህ ቅሬታ ስትጽፉ እንደ ልመና አትጻፉት። ስካን የተደረገው ፒዲኤፍ ላይ ያልኩትም እዚህ ይመለሳል፣ ፎቶ ለሆነ ጽሑፍ ስክሪን ሪደር ዝም ነው የሚለው።

ዳታና ኔትወርክስ?

ገጹ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ ፍጆታውን እዩ። መነሻ ገጽ ላይ ብቻ አስር ሜጋ የሚበላ ሳይት የሰውን ፓኬጅ በስላይድ ፎቶ ጨርሶ ፎርሙ ጋ ሳያደርስ ይቀራል። በተጨማሪ መሀል ላይ ኔትወርኩን ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱ። መብራትና ኔትወርክ በሚሄድበት ሀገር ረቂቅ የማያስቀምጥ ፎርም ለኛ አልተሠራም።

መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉንም በቴሌግራምና ፌስቡክ ይለጥፋሉ፣ ታዲያ ዌብሳይት ምን ያደርግልናል?

ለዜና ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰውም እዛ ነው ያለው። ችግሩ መስፈርትና ክፍያ እዛ ሲለጠፍ ነው። ከሁለት ወር በፊት የተለጠፈ መስፈርት ተሽሮ ይሁን አይሁን በምን ታውቃላችሁ? ፎርዋርድ እየተደረገ ይዞራል፣ ቀኑ ይጠፋል፣ በመሀል ሐሰተኛው ቻናል የራሱን አካውንት ቁጥር አስገብቶ ይለጥፋል። ዌብሳይቱ የመጨረሻው ቃል የሚገኝበት ቦታ መሆን አለበት፣ ገጹ ላይ "መጨረሻ የታደሰው" የሚል ቀን ይኑር፣ ቴሌግራሙ ወደዛ ሊንክ ያድርግ። ስትገመግሙ የአንድ አገልግሎት ዋጋ ዌብሳይቱ ላይ፣ ቴሌግራሙ ላይና ቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ ሦስቱ ሦስት ሆነው ያገኘሁበት ቀን አለ።

ትክክለኛው ሳይት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አድራሻው በነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ማለቁን እዩ፣ ብሮውዘራችሁ "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" እያለ ካስጠነቀቀ የግል መረጃ አታስገቡ። ኦቲፒ ለማንም፣ ፎርም ለሚሞላላችሁም ቢሆን፣ በስልክ አትንገሩ። ኢንተርኔት ቤት ካስሞላችሁ ፓስወርዱን ራሳችሁ ጻፉት፣ ስትጨርሱ ሎግ አውት አስደርጉ፣ የመታወቂያችሁን ስካን ከዴስክቶፑ ላይ አስጠፉ። ብዙ ሰው የራሱን አካውንት ፓስወርድ አያውቀውም፣ የሞላለት ልጅ ነው የሚያውቀው።

ውጭ ሀገር ነው ያለሁት፣ የኔ ችግር ሌላ ነው።

አውቃለሁ፣ እህቴ ቤይሩት ነበረች፣ አሁን ዱባይ ናት። ውጭ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ኮዱ ነው፣ ማረጋገጫ ኤስኤምኤሱ ለኢትዮጵያ ቁጥር ብቻ ይላካል፣ ሲሙ እናታችን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ቀጥሎ ክፍያው ነው፣ የሀገር ውስጥ ባንክና ቴሌብር ብቻ ከሆነ እዚህ ያለ ሰው ነው የሚከፍልላት። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ደሞ ስልክ የምትይዘው ሌሊት ነው፣ እረፍቷም ቢበዛ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ "በሥራ ሰዓት ይደውሉ" ለሷ መልስ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሳይት ለዳያስፖራ ያገለግላል ከመባሉ በፊት ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን በዛ ሀገር ሲም ይሞከር፣ ሌሊትም ይሞከር። ኢሜይል ላይ ኮድ መላክ ብቻ እንኳ ብዙ ሰው ያሳርፋል።

መሶብ ስለተከፈተ ዌብሳይቱ ባይሠራስ ምን ቸገረን?

የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ደስ ካላቸው አንዷ ነኝ፣ የብዙ መሥሪያ ቤት መስኮት አንድ ቤት ውስጥ መሆኑ ሰውን ከታክሲ ወደ ታክሲ ከመሮጥ ያሳርፋል። ግን ማዕከል ሄዶ መቆም ያው መሄድ ነው። ለኔ እንደውም መስኮቱ ዌብሳይቱን መለኪያ ነው፣ ቤቱ ሆኖ ሊጨርስ ይችል የነበረ ጉዳይ ይዞ የመጣውን ሰው "ለምን መጣህ?" ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ። ከየትኛውም የኦንላይን መጠይቅ የተሻለ መረጃ ይገኝበታል፣ ምክንያቱም ሳይቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን "አገልግሎታችን እንዴት ነበር?" የሚሞላው የጨረሰ ሰው ብቻ ነው። ያልጨረሰውን ማን ጠየቀው?

ነጥብ እንዴት ልስጥ? ከመቶ?

ከመቶ አትስጡ። ውበት 9፣ ፍጥነት 8፣ ቋንቋ 7፣ ክፍያ 0 ብላችሁ አማካይ ካወጣችሁ ሳይቱ "ያልፋል"፣ ሰውየው ግን ክፍያው ላይ ቆሟል። ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ሰው ያለ እርዳታ ጨረሰ፣ በስንት ደቂቃ፣ ከኪሱ ስንት ወጣበት፣ በቃ። እንግሊዞች የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎታቸውን ሲያሻሽሉ በአራት ነገር ይለኩ ነበር፣ አንዱ አገልግሎት መንግሥትን የሚያስወጣው ወጪ፣ የተጠቃሚው እርካታ፣ ከጀመረው ውስጥ የጨረሰው፣ እና በኦንላይን የሚጠቀመው ድርሻ። ቁጥሮቹን ለሕዝብ ይለጥፉ ነበር። የኛም መሥሪያ ቤቶች "ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ" ብቻ ሳይሆን "ይህን ያህል ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው" ብለው ቢለጥፉ እኔ ከዛ በኋላ ደብተሬን እዘጋዋለሁ።

ያገኘሁትን ለማን ልስጥ? የሚሰማ አለ?

መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ። "ሲስተማችሁ አይሠራም" አትበሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት፣ የትኛው ገጽ ላይ ምን ስትነኩ ምን እንዳለ ጻፉና ስክሪንሹት አያይዙ። አይቲ ክፍል ያሉት ልጆች ብዙዎቹ መሥራት የሚፈልጉ ናቸው፣ የሚቸግራቸው ኃላፊያቸውን የሚያሳምኑበት ማስረጃ ነው። መረጃ ከፈለጋችሁ ደሞ፣ ለምሳሌ ስንት ሰው እንደጨረሰ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥትን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል፣ እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ መልስ ሊሰጣችሁ ይገባል። ካልሰጧችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ ይኬዳል።

እኔ የላክሁት ለውጥ ያመጣበት ጊዜ አለ። ያ ሁለት ተኩል ብሎ የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ከደብዳቤዬ ሁለት ወር በኋላ ኤስኤምኤሱ ላይ "ከጠዋቱ" እና "ከሰዓት በኋላ" የሚል ጨመረ፣ ማን እንደጨመረው አላውቅም፣ የላከልኝ መልስም የለም። የአክስቴ ፎቶ ግን ባለፈው ወር ሞክረነው አሁንም "አልተሳካም" ብቻ ነው የሚለው። ሦስተኛውን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት እልካለሁ።